«ውኃዬ ማር መሰለብኝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራት ጥያቄዎች ከአራት አንባቢያን የመጡ ቢሆኑም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ ይኸውም በኮምፒውተር ግራፊክስ የሚሠራ ውኃ የእውነተኛውን ውኃ ነውጥና አዙሪት እንዴት ሊያገኝ ይችላል የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹም ሥር በመሆኑ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የስሪ ዲ አኒሜሽን ባለሙያ ነኝ። ወንዝ ከመካከሉ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ገጭቶ ሲያልፍ የሚያሳይ የ12 ሴኮንድ ትዕይንት እየሠራሁ ነው። ውኃው ይፈሳል፣ ድንጋዩንም ይዞራል፤ ነገር ግን ከድንጋዩ በስተጀርባ መናወጥና መሽከርከር ሲገባው ተለሳልሶ ይገጥማል፤ በአጭሩ ማር መሰለብኝ። የፍርግርጉን፣ ማለትም ስሌቱ ቦታውን የሚከፋፍልባቸውን ትናንሽ ሳጥኖች፣ ጥራት በየጎኑ ከ100 ወደ 200 ከፍ ባደርገው ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ውጤቱ ጥቂት ብቻ ተሻሻለ፤ ይባስ ብሎ የውኃው አካሄድ ቀደም ሲል ከጸደቀልኝ የተለየ ሆነ። የሥራ ባልደረባዬ «ኖይዝ (በኮምፒውተር የሚፈጠር የዘፈቀደ መዋዠቅ) ጨምርበትና ተገላገል» ይለኛል። ምክሩ ትክክል ነው? ስሜ ይቆየኝ።

መልስ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ ኖይዝ ከመጨመርዎ በፊት ከውኃዎ ውስጥ ምን እንደ ጎደለ መለየት ያስፈልጋል። እንደ እኔ እምነት የጎደለው ጌጥ ሳይሆን ኃይል ነው።

ነውጠኛ ፍሰት ላይ ላዩን ሲያዩት ዝብርቅርቅ ቢመስልም ውስጡ ሥርዓት አለው። ወንዙ ድንጋዩን ሲገጭ በድንጋዩ ስፋት ልክ ትልልቅ አዙሪቶች ይወለዳሉ፤ እነዚህ እርስ በርሳቸው ሲጎታተቱና ሲጠማዘዙ ወደ ትናንሽ አዙሪቶች ይሰበራሉ፣ ትናንሾቹም ከእነርሱ ወደሚያንሱ ይሰበራሉ። ትልቁ ከፍሰቱ የተቀበለውን ኃይል ለትንሹ እያወረሰ ይሄድና በመጨረሻ አዙሪቱ እጅግ ከማነሱ የተነሣ የውኃው ዝልግልግነት፣ ማለትም የውስጥ ሰበቃው፣ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ይህን የውርስ ሰንሰለት እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ1922 ገልጾታል፤ ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ ደግሞ በ1941 በየመጠኑ ያሉ አዙሪቶች የኃይሉን ምን ያህል እንደሚይዙ የሚያሳይ ሕግ አወጣለት። ዓይናችን ሕጉን ባይማረውም ዕድሜ ልኩን ሲያየው ኖሯል፤ ትልቁ አዙሪት ታይቶ ትንሹ ሲታጣ «ይህ ውኃ አይደለም» የምንለው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ሊከተል ይችላልን? የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገዙትን ቀመሮች ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ናቪዬ በ1822 አስተዋወቃቸው፤ አየርላንድ የተወለደው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስም በ1845 ዛሬ ወደምናውቀው መልክ አደረሳቸው። የሚሉት ነገር ለማስረዳት አይከብድም፦ እያንዳንዷ ጭላፊ ውኃ በያዘችው ፍጥነት መቀጠል ትሻለች፣ ጎረቤቶቿ ይገፏታል፣ ስበት ወደ ታች ይጎትታታል፣ ሰበቃ ያዘገያታል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ውኃው በተግባር ሲታይ አይታመቅም። ችግሩ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ያለውና በሴኮንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ወንዝ እንውሰድ። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስታወት ቱቦ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ባደረገው ምርምር የተነሣ በስሙ በሚጠራው መለኪያ ሲሰላ የዚህ ወንዝ ቁጥር 1 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ በቱቦ ውስጥ ያለ ፍሰት ግን ከ2,000 ጥቂት አልፎ ሲሄድ ገና መናወጥ ይጀምራል። በ1 ሚሊዮን ላይ ትንሿ አዙሪት 0.03 ሚሊሜትር ገደማ ታህላለች፤ እርሷን ለመያዝ አንዱን ሜትር ኩብ ብቻ 30 ትሪሊዮን ያህል ሳጥኖች አድርጎ መከፋፈል ይጠይቃል። የእርስዎ ፍርግርግ በየጎኑ 200 ሲሆን የያዘው 8 ሚሊዮን ሳጥን ነው።

ከ100 ወደ 200 ሲሻገሩ ሳጥኖቹ 8 እጥፍ ሆኑ፤ ሳጥኑ በግማሽ ሲያንስ የጊዜ እርምጃውም፣ ማለትም ስሌቱ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት የሚራመደው የጊዜ ርዝመት፣ በግማሽ ማጠር ስላለበት ሥራው ወደ 16 እጥፍ ተጠጋ። ሌሊትዎን የበላው ይኸው ነው። ጥራትን ብቻ እየጨመሩ እውነተኛውን ውኃ ለመድረስ መሞከር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ዓይነት ድካም ነው።

ይሁን እንጂ የትናንሾቹ አዙሪቶች መጥፋት ብቻውን ውኃን ማር አያደርገውም። ማር የሚያደርገው የትልልቆቹም መድከም ነው፤ ለዚህ ደግሞ ተጠያቂው ስሌቱ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ዮስ ስታም በ1999 ለግራፊክስ ባለሙያዎች ያበረከተው ዘዴ የጊዜ እርምጃው ምንም ያህል ቢረዝም ቁጥሮቹ አብጠው እንዳይፈነዱ ስላደረገ በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ መሠረት ሆኗል። ዘዴው ስለ እያንዳንዱ ሳጥን «አሁን እዚህ ያለው ውኃ ከአፍታ በፊት የት ነበር?» ብሎ ይጠይቅና ወደ ኋላ ሄዶ በዚያ የነበረውን ፍጥነት ያመጣል። የሚደርስበት ነጥብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳጥኖች መካከል ስለሚውል በዙሪያው ያሉትን የስምንቱን አማካይ ይወስዳል፤ አማካይ መውሰድ ደግሞ ማለስለስ ነው፣ ያውም በየእርምጃው የሚደጋገም። በ1 ሴንቲሜትር ሳጥንና በሴኮንድ 1 ሜትር ፍጥነት ይህ ያልተፈለገ ማለስለስ ሲሰላ ከውኃ እውነተኛ ዝልግልግነት በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ እጥፍ ይበልጣል፤ የምግብ ዘይት እንኳ ከውኃ የሚበልጠው መቶ በማይሞላ እጥፍ ነው። ስለዚህ «ማር መሰለብኝ» ማለትዎ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ያሰላልዎት በእርግጥ ወፍራም ፈሳሽ ነው። በዚህ ዘዴ የጊዜ እርምጃን ማሳጠር ሁልጊዜ እንደማይረዳም ልብ ይበሉ፤ እርምጃው ሲበዛ አማካይ የሚወሰድበት ጊዜም ይበዛልና።

ለዚህ ሕመም ዛሬ በስፋት የሚሰጠው መድኃኒት ፍሊፕ ይባላል። ብራክቢልና ሩፐል በ1986 ለፊዚክስ ሥራ ያወጡት ሲሆን ዡ እና ብሪድሰን በ2005 ወደ ግራፊክስ አምጥተውታል። በዚህ ዘዴ ውኃው በቅንጣቶች ይወከላል፤ ቅንጣቶቹ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ተሸክመው ይጓዛሉ፤ ፍርግርጉ የሚያስፈልገው በዋናነት ግፊቱን ለማስላት ነው። ቁም ነገሩ ፍርግርጉ ለቅንጣቷ መልሶ በሚሰጣት ነገር ላይ ነው። ከፍሊፕ በፊት የነበረው የቅንጣት ዘዴ አዲሱን ፍጥነት በሙሉ ይሰጣት ስለነበር ቅንጣቷ የራሷን ትታ የጎረቤቶቿን አማካይ ትይዝ ነበር፤ ፍሊፕ ግን የተለወጠውን ብቻ ይሰጣታል። ሒሳብ ያዥ በየምሽቱ መዝገቡን በሙሉ እያጠጋጋ ከሚገለብጥ የዕለቱን ገቢና ወጪ ብቻ ቢጽፍ የማጠጋጋቱ ስሕተት እንደማይከማችበት ዓይነት ነው። በዚህ የተነሣ አዙሪት ረጅም ዕድሜ ያገኛል፤ በአንጻሩ ቅንጣቶቹ የመንቀጥቀጥ ጠባይ ስላላቸው ከቀድሞው ዘዴ ጥቂት ይደባለቅበታል። በነጻ በሚገኘው ብሌንደር ውስጥ፣ ማንታፍሎው የተባለው የፈሳሽ ሞተር በ2020 በወጣው በ2.82 እትም ከተካተተ ወዲህ፣ ይህ ድብልቅ የሚወሰነው በአንድ ቁጥር ነው፤ ወደ 1 ሲጠጋ ውኃው ሕያው ይሆናል፣ ወደ 0 ሲወርድ ይወፍራል። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ፋይል ተቀብለው የሚሠሩ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ቁጥር ይመልከቱ።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ውኃው አሁንም ከተለሳለሰ፣ አዙሪቱ ያለጊዜው ስለ መሞቱ ከመጨነቅዎ በፊት መወለዱን ይመርምሩ። አዙሪት ከመሃል ውኃ ላይ እንዲሁ አይነሣም። በእንዲህ ያለ ወንዝ ውስጥ በብዛት የሚወለደው ውኃ ጠጣር ነገር በሚነካበት ቀጭን ንብርብር ውስጥ ነው፤ ሌላው የትውልድ ቦታው ማዕበል ተጠቅልሎ በራሱ ላይ የሚወድቅበት ነው። ድንጋዩን የነካው ውኃ ይቆማል፣ ከድንጋዩ ጥቂት ራቅ ያለው ይሮጣል፤ በቆመውና በሚሮጠው መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ከድንጋዩ ጀርባ ሲለቀቅ ተጠቅልሎ አዙሪት ይሆናል። ሳጥንዎ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ ይህን ንብርብር ጨርሶ አያየውም፤ ውኃው በድንጋዩ ላይ ያለ ሰበቃ እንዲንሸራተት ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ንብርብሩ ራሱ የለም።

ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገርዎ። ጠባብ ቦይ ውስጥ የሚሮጥ ውኃ ስሠራ ሁለት ሳምንት ሙሉ የአዙሪት ማጠናከሪያውን ቁጥር ስጨምርና ስቀንስ ቆየሁ፤ ውኃው ወይ ይለሰልሳል ወይ ያለ ምክንያት ይንተከተካል። በመጨረሻ ሥራውን ትቼ ወደ እውነተኛ ቦይ ሄድሁና ጎንበስ ብዬ ተመለከትሁ። አንዲት ደረቅ ቅጠል በውኃው ላይ ትመጣለች፤ አንድ ቦታ ስትደርስ ለአፍታ ትዘገያለች፣ ግማሽ ዙር ትዞራለች፣ ከዚያም ወደ ጎን ተስፈንጥራ ትሄዳለች። ሌላ ቅጠል ጣልሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ ተመሳሳይ ነገር አደረገች። እጄን ሰድጄ ብዳስስ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ከወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ድንጋይዋ ከላይ አትታይም፤ የምትታወቀው በቅጠሏ መዞር ብቻ ነው። ተመልሼ በሠራሁት ቦይ ወለል ላይ ካሜራው የማያያቸው ሰባት ድንጋዮች አስቀመጥሁ፤ ውኃው በዚያው ጥራትና በዚያው ቁጥር ነፍስ ዘራ።

የእርስዎም ወንዝ በአንድ ወጥ ፍጥነት፣ እንደ ተቆረጠ ብሎኬት ሆኖ ወደ ትዕይንቱ እየገባ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። እውነተኛ ወንዝ የእርስዎ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ከብዙ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶና ተናውጦ የመጣ ነው። ከድንጋዩ በፊት ያለውን ስፍራ ቢያንስ በድንጋዩ ስፋት አምስት እጥፍ ያርዝሙት፣ ወለሉን ያጎርብጡት፣ ከውኃ በታች የተለያየ መጠን ያላቸውን ድንጋዮች ያስቀምጡ። ካሜራው ይህን ሁሉ ባያይም ውኃው ያየዋል።

ውጤቱን በሰዓት መፈተሽም ይቻላል። በፍሰት መካከል ከቆመ ክብ ምሰሶ ጀርባ አዙሪቶች ከግራና ከቀኝ እየተፈራረቁ ይለቀቃሉ፤ ቴዎዶር ፎን ካርማን በ1911 ያጠናውና በስሙ የሚጠራው ሰልፍ ይህ ነው። የአንዱ ዙር ርዝመት በግምት የምሰሶው ስፋት ለፍጥነቱ ተካፍሎ በ5 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው ነገር ዙሪያ ውኃው በሴኮንድ 1 ሜትር ቢያልፍ አንድ ዙር 2.5 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። የእርስዎ ድንጋይ ፍጹም ምሰሶ ስላልሆነ ቁጥሩ በትክክል አይገጥምም፤ ነገር ግን በ12 ሴኮንድ ትዕይንት ውስጥ አራት ወይም አምስት ጊዜ መፈራረቅ ሲገባው አንድም ጊዜ ካልታየ፣ ችግሩ ከኖይዝ በፊት ያለ መሆኑን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ምክር እንመለስ። ኬን ፐርሊን በ1985 ያሳተመው ኖይዝ ለግራፊክስ ትልቅ ውለታ የዋለ ነገር ነው፤ ነገር ግን እንዲሁ በፍጥነቱ ላይ ቢደመር ውኃው በአንድ ቦታ ከምንም እንዲፈልቅ፣ በሌላ ቦታ ወደ ምንም እንዲሰምጥ ያደርገዋል፤ ውኃ ግን አይታመቅም ብለናል። ይህን ለማረም ብሪድሰንና ባልደረቦቹ በ2007 ኖይዙ መሽከርከርን ብቻ እንጂ መፍለቅንና መስመጥን እንዳይፈጥር የሚያደርግ አሠራር አቀረቡ። በቀጣዩ ዓመት ቴዎዶር ኪም፣ ኒልስ ቱሬይ፣ ዳግ ጄምስና ማርከስ ግሮስ ከዚህ ገፍተው፣ ፍርግርጉ ሊይዘው በቻለው ትንሹ አዙሪት ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለ ለክቶ ከርሱ በታች ያሉትን በኮልሞጎሮቭ ሕግ መሠረት የሚያወርስ ዘዴ ሠሩ፤ ለዚህም በ2013 ከአሜሪካ የሞሽን ፒክቸር አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝተዋል። እኔ በጣም የምወደው በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን ትዕግሥት ነው፤ አዙሪቱን ከውጭ ከማምጣት ይልቅ «እዚህ ሰንሰለቱ ተቋርጧል፣ ከተቋረጠበት ልቀጥል» ይላል። ፀጥ ባለው ቦታ ምንም አይጨምርም፤ በሚናወጠው ቦታ ይጨምራል።

ዘዴው በዋናነት የተሠራው ለጭስ ነው። በጭስ ውስጥ እያንዳንዱ አዙሪት ይታያል፤ በውኃ ውስጥ ግን የምናየው ገጹን ብቻ ስለሆነ ከሥር ያለው ነውጥ የሚታወቀው በገጹ መጎርበጥ፣ በአረፋው መስመርና በፍንጣቂው ነው። ስለዚህ ባልደረባዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ የአዙሪቱን መወለጃ ያበጁ፣ ቀጥሎ የሚያለሰልሰውን ዘዴ ይተኩ፣ ያም ሆኖ ከድንጋዩ ጀርባ ገጹ ከተለሳለሰ በዚያ አካባቢ ብቻ፣ ፍሰቱ በሚሽከረከርበት ልክ፣ ጥቂት ኖይዝ ይጨምሩ። ወንዙን በሙሉ ኖይዝ ቢያለብሱት እሳት ላይ የተጣደ ውኃ ይመስላል።

አካሄዱ የተለወጠብዎ ደግሞ ነውጠኛ ፍሰት በመነሻው ላይ ያለችን ኢምንት ልዩነት ስለሚያጎላት ነው፤ በ100 የተሠራው ረቂቅ የ200ው ታናሽ ወንድም እንጂ ፎቶግራፉ አይደለም። የሚያጸድቁልዎ ሰዎች ይህን ከወዲሁ ሊያውቁት ይገባል። ረቂቁ ላይ የሚጸድቀው የውኃው መጠን፣ ፍጥነቱና የሚወጣው ከፍታ ቢሆን ይሻላል፤ ይህች ማዕበል በ7ኛው ሴኮንድ ትነሣለች የሚል ቃል ግን አይግቡ።

ጥያቄ፦ መርከብ የሚመታ ግዙፍ የባሕር ማዕበል ሠርቼ ያየው ሰው ሁሉ «የገንዳ ውኃ ይመስላል» አለኝ። ብርሃኑንና ቀለሙን ደጋግሜ አስተካክያለሁ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ብርሃኑን ለጊዜው ይተዉትና የትዕይንትዎን መጠን በሜትር ይለኩ። ጥልቅ ባሕር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር የሚረዝም ማዕበል በሴኮንድ 12.5 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አንዱ አልፎ ሌላው እስኪመጣም 8 ሴኮንድ ይፈጃል። 1 ሜትር የሚረዝም ማዕበል ግን ይህን ለመጨረስ 0.8 ሴኮንድ ይበቃዋል። መርከብዎ 100 ሜትር ሊሆን ሲገባው ሶፍትዌሩ 1 ሜትር አድርጎ ካነበበው ውኃው አሥር እጥፍ ፈጥኖ ይወዛወዛል፤ መቶ ጊዜ ያነሰ ነገር በመቶ ሳይሆን በካሬ ሥሩ፣ ማለትም በአሥር እጥፍ እንደሚፈጥን ልብ ይበሉ። ሞዴል መርከብ በገንዳ ውስጥ የሚቀርጹ የፊልም ባለሙያዎች ካሜራውን በዚሁ ስሌት አፍጥነው ቀርጸው ፊልሙን በዝግታ ያሳዩ ነበር፤ ሕጉን በመርከብ ንድፍ ሥራ ያዋለው የ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ነው።

መጠኑ ትክክል ሆኖ አሁንም ገንዳ ከመሰለ ጠብታዎቹን ያጉሏቸውና ይመልከቱ። የገጽ ውጥረት የውኃን ጠብታ አቅፎ መያዝ የሚችለው እስከ ጥቂት ሚሊሜትር ድረስ ነው፤ በአየር ውስጥ የምትወድቅ የዝናብ ጠብታ እንኳ ከ5 ወይም ከ6 ሚሊሜትር በላይ ስትሆን ትሰበራለች። በእርስዎ ትዕይንት ሳጥኑ 20 ሴንቲሜትር ከሆነ ትንሿ ፍንጣቂ ኳስ ታህላለች ማለት ነው፤ ዓይን ደግሞ ጠብታ የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሆነ ስለሚያውቅ ኳሷን ጠብታ አድርጎ ይቀበልና መርከቡን በዚያው ልክ ያሳንሰዋል። የሞዴል መርከብ ቀራጮችም ያልፈቱት ችግር ይኸው ነበር፤ ሞዴሉን ማሳነስ ይቻላል፣ ጠብታን ግን ማሳነስ አይቻልም። መፍትሔው ከዋናው ስሌት በኋላ በሁለተኛ ዙር የሚለቀቁ ቅንጣቶችን መጠቀም ነው። ውኃው አየር በሚውጥበት፣ ማዕበሉ ጫፉ ላይ በሚሰበርበትና ገጹ በኃይል በሚጋጭበት ስፍራ ሁሉ እልፍ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይለቀቃሉ፤ ከገጹ በላይ ያሉት ፍንጣቂ ሆነው ይወድቃሉ፣ በገጹ ላይ ያሉት አረፋ ሆነው ይንሳፈፋሉ፣ ከገጹ በታች ያሉት የአየር ፊኛ ሆነው ወደ ላይ ይወጣሉ። በጣም የደቀቁትን በነፋስ የሚወሰድ ጉም አድርጎ መሥራት ይሻላል። አረፋው ወዲያው ከጠፋ ነውጡም ያልነበረ ይመስላል፤ ከማዕበሉ በኋላ ለብዙ ሴኮንዶች በገጹ ላይ እንደ ተቀደደ መረብ ተዘርግቶ ከሥር ያሉትን አዙሪቶች ሲከተል ይታይ።

ከመርከቡ ርቆ ላለው ባሕር ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም። ጄሪ ቴሰንዶርፍ በ2001 አካባቢ ያስፋፋው፣ ብዙ ሞገዶችን ደምሮ ገጹን የሚሠራው ዘዴ ለሩቁ ባሕር ይበቃል፤ የማይሰበርና የማይናወጥ ባሕር ስለሆነ ግን ወደ መርከቡ አያቅርቡት።

ጥያቄ፦ ለኮምፒውተር ጌም የሚሆን ውኃ መሥራት እፈልጋለሁ። ቅንጣት ይሻላል ወይስ ፍርግርግ?

መልስ፦ በሴኮንድ 60 ፍሬም ለሚያሳይ ጌም ያለዎት ጊዜ በፍሬም ከ17 ሚሊሴኮንድ ያንሳል፤ ከዚያም ውስጥ ለውኃው የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ከባልዲ ለሚደፋ ወይም ከቧንቧ ለሚፈነጥቅ ጥቂት ውኃ ቅንጣት ይሻላል። ከቅንጣት ዘዴዎች አንዱ በ1977 የከዋክብትን ጉዳይ ለማጥናት የወጣ ሲሆን በ2003 ማቲያስ ሙለርና ባልደረቦቹ ተጠቃሚው እያየው ለሚሰላ ውኃ አውለውታል፤ ሙለር ከማይልስ ማክሊን ጋር በ2013 ያቀረበው ዘዴ ደግሞ ረዘም ባለ የጊዜ እርምጃም ስለሚረጋ ለጌም ይበልጥ ይመቻል። ለወንዝ ግን ሁለቱንም አልመክርዎትም። የፍሰቱን አቅጣጫና ፍጥነት አስቀድሞ በጥሩ ሲሙሌሽን አስልቶ እንደ ምስል ማስቀመጥና በጨዋታው ጊዜ የሞገዱንና የአረፋውን ሥዕል በዚያ ላይ ማስኬድ በጥቂት ወጪ እጅግ ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የስታምን ዘዴ በሁለት አውታር (ርዝመትና ስፋት ብቻ ባለው ቦታ) ራሴ ጽፌ ቀለም እየረጨሁ እሞክረዋለሁ። በመጽሔታችሁም በሌላም ስፍራ ትልልቅ አዙሪቶች ወደ ትናንሽ ይሰበራሉ ሲባል አነባለሁ፤ በእኔ ፕሮግራም ግን ትናንሾቹ እየተዋሐዱ ትልቅ ይሆናሉ። ስሕተቱን ፈልጌ አጣሁት።

መልስ፦ ስሕተቱን ያጣኸው ስለሌለ ነው፤ ነገሩን አስተውለህ መጠየቅህም ደስ አሰኝቶኛል። አዙሪት ወደ ትናንሽ የሚሰበረው በዋናነት ስለሚለጠጥ ነው። በእጅህ እንደሚሽከረከር ገመድ አስበው፤ ሌላ ፍሰት ከሁለቱ ጫፎቹ ሲጎትተው ይቀጥናል፣ ሲቀጥንም ይፈጥናል፣ ሲፈጥንም ጎረቤቶቹን ይጠመዝዛል። ይህ እንዲሆን ገመዱ የሚለጠጥበት ሦስተኛ አቅጣጫ ያስፈልገዋል። በሁለት አውታር ውስጥ እያንዳንዱ አዙሪት ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ችካል ነው፤ የሚለጠጥበት ቦታ የለውም። ሮበርት ክሬክናን በ1967 እንዳሳየው በሁለት አውታር ኃይሉ የሚሄደው ወደ ትልልቆቹ ነው። አንተ ያየኸው ይኸው የተገለበጠ ሰንሰለት ነው፤ በሳሙና ውኃ ስስ ሽፋን ላይም በእውነት ይታያል።

ፕሮግራምህ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ሁለት አዙሪቶችን ጎን ለጎን አስቀምጥ። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ የሚዞሩ ከሆነ እርስ በርሳቸው እየተዟዟሩ መሄድ፣ ሲቀራረቡም መዋሐድ አለባቸው፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ከሆነ ግን ጎን ለጎን ሆነው ቀጥ ብለው መጓዝ አለባቸው።

ከዚያ ወደ ሦስት አውታር ተሻገር፤ የምትጨምረው የኮድ መስመር ጥቂት ነው። በየጎኑ 64 ብታደርገው 262,144 ሳጥን ብቻ ስለሚሆን ተራ ኮምፒውተር ይችለዋል። ለመጀመሪያ ሙከራ ቀለም ያዘለ የውኃ ቀለበት ሠርተህ ልቀቀው። ቀለበቱ በራሱ ኃይል ወደ ፊት ይጓዛል፤ ዘዴህ ኃይሉን ከጠበቀለት ጥቂት ከሄደ በኋላ ዙሪያው እንደ ጥልፍ ጠርዝ መወዛወዝ ይጀምርና ተሰባብሮ ይበታተናል። በ64 ላይ ሳይወዛወዝ ደብዝዞ ከጠፋብህ ያየኸው የመጀመሪያው ጠያቂያችን ማር ነው፤ ፍጥነቱን የሚያመጣውን ክፍል ብቻ በፍሊፕ ተካና ያንኑ ቀለበት በየጎኑ 128 አድርገህ እንደገና ልቀቀው።